ለአሮጌ የጭነት መኪና ካምቢዮ የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ የክረምቱ ዝናብ አጭር መሆኑ ለአካባቢው ገበሬም ሆነ ለልማት ሠራተኛው አዲስ ነገር አይደለም። ዝናቡ በአብዛኛው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ገብቶ የነሐሴ ወር ሲያልቅ ይነሣል። በዚህች አጭር ጊዜ ዘርና ማዳበሪያ ከሰቆጣ መጋዘን ተነሥቶ እስከ ቀበሌ ካልደረሰ፣ ገበሬው መሬቱን አለስልሶ በሬውን ጠምዶ ቢጠብቅም የዘሩ ወቅት ያልፈዋል። በመሆኑም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መኪና በዘር ወራት መንገድ ላይ ሲቆም የሚጎዳው የማኅበሩ ካዝና ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ማሳም አብሮ ይጎዳል።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ከዋግ ብዙ ሕዝብ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም በእግሩ መጓዙ የሚታወስ ነው። በተራራማ አገር ብዙ እህል ከብዙ ሰው ጋር የሚገናኘው መኪና ሲደርስ ነው። ስለዚህ የመኪና አያያዝ ከእርሻ ሥራ ውጭ የሆነ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከመኪናው ክፍሎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ካምቢዮን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑንና ዘይቱን ነው። የሞተር ዘይት በየጊዜው ይታያል፣ ይለወጣል። የካምቢዮ ዘይት ግን ማርሹ መጮኽ እስኪጀምር ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ሲታወስም «ወፍራም ይሻላል»፣ «ብርቱ ይሻላል» በሚል ግምት ይሞላል። እነዚህ ሁለት ግምቶች በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ጉዳት እንደሚያመጡና ትክክለኛው ዘይት በምን እንደሚለይ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

1. ዘይቱ በካምቢዮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በካምቢዮ ውስጥ ያለ ዘይት አራት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የማርሽ ጥርሶች ብረት ለብረት እንዳይፋጩ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ይሆናል። ሁለተኛ፣ ኩሽኔታዎችን ያለሰልሳል። ሦስተኛ፣ በፍጭት የሚፈጠረውን ሙቀት ወደ ሳጥኑ ግድግዳ ይወስዳል። አራተኛ፣ ከብረቱ የሚነሣውን ብናኝ አጥቦ ወደ ታች ያወርዳል።

ማርሽ በሚገባበት ጊዜ ግን ዘይቱ ከማለስለስ የተለየ ግዴታ አለበት። ብዙ መኪናዎች ሲንክሮናይዘር የሚባል የነሐስ ቀለበት አላቸው። የዚህ ቀለበት ሥራ ሁለት በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ክፍሎችን በመፋተግ አንድ ፍጥነት ላይ ማድረስ ነው፤ ፍጥነታቸው ሲተካከል ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል። ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራው በፍትግ በመሆኑ ዘይቱ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለበቱ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ለካምቢዮ የሚመረጥ ዘይት ጥርሱን የሚጠብቅ፣ ቀለበቱን ግን ሥራ የማያስፈታ መሆን አለበት።

2. የዋግ መንገድ በካምቢዮ ላይ የሚያደርሰው ጫና

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ሰሃላ ቆላ የሚወርድ መኪና ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲቃረብ ከ1,500 ሜትር በታች ይገባል። በአንድ ቀን ጉዞ ከደጋ የጧት ብርድ እስከ ቆላ የቀትር ሙቀት ያልፋል ማለት ነው።

ጧት ዘይቱ ቀዝቅዞ ስለሚወፍር ማርሹ አልገባ ይላል። ቀን ደግሞ መኪናው ጭኖ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፤ በጥርሶች ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከፍተኛ ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ መኪናውን ስለሚይዝ ጫናው በጥርሶቹ ጀርባ ላይ ይሆናል። ከዚህ ሌላ በክረምት የተከዜ ገባሮችን መሻገር አለ። ይህንንም ወደ ኋላ እናነሣዋለን።

3. በዘይት መያዣው ላይ ያሉት ቁጥሮች ትርጉም

በመያዣው ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ይገኛል። አንዱ ስለ ውፍረት፣ ሁለተኛው ስለ ብርታት ይናገራል። ሁለቱን መቀላቀል የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

ሀ) የውፍረት ቁጥር፦ ኤስ ኤ ኢ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ያለው ቁጥር የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል። የሞተር ዘይትና የማርሽ ዘይት የሚለኩበት ሠንጠረዥ ግን የተለያየ ነው። በዚህ ምክንያት 90 የተባለ የማርሽ ዘይት 40 ከተባለ የሞተር ዘይት ከእጥፍ በላይ ይወፍራል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የማርሽ ዘይት 90 ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክስ ነው፤ የሞተር ዘይት 40 ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3፣ የሞተር ዘይት 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ስለዚህ የማርሽ 90 በውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ጋር የሚቀራረብ ነው። የማርሽ 140 ግን ከ24 ሴንቲስቶክስ የሚጀምር በመሆኑ በእርግጥ በጣም ወፍራም ነው።

80ደብሊዩ-90 የሚል ሲገኝ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው በሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያሳያል። ጧት በደጋ ተነሥቶ ቀትር ላይ ቆላ ለሚደርስ መኪና እንዲህ ያለው ዘይት ነጠላ 90 ከሆነው ይሻላል።

የድሮ መመሪያ የያዙ ማኅበራት አንድ ለውጥ ማወቅ ይገባቸዋል። ቀድሞ 90 የሚባለው ክልል እስከ 24 ሴንቲስቶክስ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ ክልል ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው ክፍል 110 ተባለ። ስለዚህ 110 የሚል ቁጥር በገበያ ላይ ቢታይ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ለ) የብርታት ደረጃ፦ ኤ ፒ አይ ጂ ኤል የሚሉት ፊደሎች ዘይቱ ከፍተኛ ጫናን የሚቋቋምበት ቅመም ምን ያህል እንዳለው ይናገራሉ። ጂ ኤል-1 ይህ ቅመም የሌለበት ተራ የማዕድን ዘይት ነው። ጂ ኤል-4 መካከለኛ መጠን ያለው ነው። ጂ ኤል-5 በብዛት ያለው ሲሆን፣ በአጠቃላይ ከጂ ኤል-4 እጥፍ ያህል ቅመም እንደሚይዝ ይገመታል። ቅመሙ በዋናነት ድኝና ፎስፈረስ ነው፤ የማርሽ ዘይት የሚሸት በዚህ ምክንያት ነው። ሽታው ጂ ኤል-4ን ከጂ ኤል-5 አይለይም። ቀለሙም አይለይም።

4. «ብርቱ ይሻላል» የሚለው ግምት ጉዳቱ

ጂ ኤል-5 የተሠራው በተለይ ለዲፈረንሻል ነው። ሃይፖይድ በሚባለው የዲፈረንሻል ዓይነት ጥርሶቹ እየተጫኑ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ፤ ይህን የሚችል ዘይት ደግሞ ብዙ ቅመም ያስፈልገዋል። ቅመሙ በሙቀትና በጫና ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ መከላከያ ሽፋን ይሠራል።

ይኸው ዘይት ሲንክሮናይዘር ባለው አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ሁለት ችግር ያመጣል። የመጀመሪያው፣ በነሐሱ ቀለበት ውስጥ መዳብ ስላለ ድኙ በሙቀት ጊዜ መዳቡን እየበላ ቀለበቱን ያሳሳዋል። ዛሬ የሚሠሩ አንዳንድ የጂ ኤል-5 ዘይቶች ለመዳብ የማይጎዱ ተደርገው ተሻሽለዋል፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ችግር ይቀራል። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ስለሚያንሸራትት ቀለበቱ አይዝም።

ቀለበቱ ካልያዘ ነጂው ማርሹን በጉልበት ይገፋዋል። ማርሹ በጉልበት ሲገባ የማያያዣው ትናንሽ ጥርሶች ጫፋቸው እየተበላ ይከበባል። የተከበበ ጥርስ ጫና ሲበዛበት ማርሹን ለቆ ያወጣዋል። ይህ ነገር በሜዳ ላይ ቢሆን ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ወደ ተከዜ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ፣ ስልሳ ኩንታል ተጭኖና ረዳቶች ላይ ተቀምጠው ማርሽ ቢወጣ ግን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል፤ ክብደቱ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ ሊከዳ ይችላል። የተሳሳተ ዘይት የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውም ስሕተት መታወቅ አለበት። ጂ ኤል-4ን በሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ መሙላት የዲፈረንሻሉን ጥርስ ያስበላል። ስለዚህ አንድ ዘይት ገዝቶ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ማካፈል ቁጠባ አይደለም።

5. «ወፍራም ይሻላል» የሚለው ግምት ጉዳቱ

ካምቢዮ ሲጮኽ ወይም ዘይት ሲያፈስ 140 መሙላት የተለመደ ነው። ወፍራሙ ዘይት ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ያፍነዋል፤ ፍሳሹንም ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ የተበላው ኩሽኔታ እንደ ተበላ ነው። ጧት በደጋው ብርድ ዘይቱ ማር ሆኖ ስለሚያድር ማርሽ አይገባም፤ ወደ ጠባብ ቦታና ወደ ላይኞቹ ኩሽኔታዎች ለመድረስም ይዘገያል። ድምፅ የሚሰጥ ካምቢዮ በወፍራም ዘይት ዝም ሲል በሽታው እንደ ተደበቀ እንጂ እንደ ዳነ መቁጠር አይገባም።

6. የትኛው ዘይት ለየትኛው ካምቢዮ

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቃል ነው። አምራቹ ለራሱ ካምቢዮ ጂ ኤል-5 የፈቀደ እንደሆነ ያንኑ መከተል ይገባል። መጽሐፉ ከጠፋ የአስመጪውን ወኪል መጠየቅ፣ ወይም በካምቢዮው ላይ ያለውን የዓይነት ቁጥር ጽፎ መላክ ይቻላል። ለአጠቃላይ መመሪያ ያህል ግን የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) አነስተኛ የአይሱዙ ጭነት መኪናዎች፦ በብዙዎቹ የኤን ፒ አር ዓይነቶች ላይ አምራቹ ለካምቢዮው የሚያዝዘው የማርሽ ዘይት ሳይሆን የሞተር ዘይት ነው። በእንዲህ ያለው ካምቢዮ ውስጥ «የካምቢዮ ዘይት ነው» ተብሎ ጂ ኤል-5 90 ወይም 140 መሙላት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከመሙላት በፊት መመሪያውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ግን ጂ ኤል-5 ነው።

ለ) ሲንክሮናይዘር ያለውና መመሪያው የማርሽ ዘይት የሚያዝዝ ካምቢዮ፦ 80ደብሊዩ-90፣ ጂ ኤል-4። በመያዣው ላይ ጂ ኤል-4 ብቻ የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል። «ጂ ኤል-4/5» ተብሎ በአንድነት የተጻፈበት ዘይት ለዲፈረንሻል የሚበቃ ቅመም የያዘ በመሆኑ ለአሮጌ የነሐስ ቀለበት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ሐ) ሲንክሮናይዘር የሌለው ካምቢዮ፦ ሕዝቡ ኤንትሬ እያለ እንደሚጠራቸው የፊያት ከባድ መኪናዎች፣ ማርሽ ለማስገባት ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ የሚረገጥባቸው ናቸው። ለእነዚህ 90 ወይም 80ደብሊዩ-90 ጂ ኤል-4 ይስማማል። ኤም ቲ-1 የሚል ምልክት ያለበት ዘይትም የተዘጋጀው ሲንክሮናይዘር ለሌላቸው ከባድ ካምቢዮዎች ነው። ይህንኑ ዘይት ሲንክሮናይዘር ባለው ካምቢዮ ውስጥ ማድረግ አይገባም።

መ) በሶቪየት ኅብረት የተሠሩ አሮጌ መኪናዎች፦ መመሪያቸው ቲ ኤም-3-18 የሚል ዘይት የሚያዝዝ ከሆነ፣ 3 ከጂ ኤል-3፣ 18 ከኤስ ኤ ኢ 90 ጋር የሚመጣጠን ማለት ነው። በምትኩ 80ደብሊዩ-90 ጂ ኤል-4 መጠቀም ይቻላል።

7. ዘይት ሲገዛ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የአነስተኛ ጭነት መኪና ካምቢዮ የሚይዘው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሚገኘው የዋጋ ልዩነት ከአንድ ካምቢዮ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስለዚህ፦

- ማሸጊያው ያልተነካ መያዣ ይገዛ፤ ከተከፈተ በርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት አይገዛ።
- የኤስ ኤ ኢ ቁጥርና የጂ ኤል ደረጃ ሁለቱም ያልተጻፈበት ዘይት አይወሰድ።
- ደረሰኝ ሲቀበሉ «የማርሽ ዘይት» ተብሎ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩና ደረጃው ጭምር እንዲጻፍ ይጠየቅ።
- ባዶ መያዣው ተመልሶ በሌላ ዘይት ተሞልቶ እንዳይሸጥ ተበስቶ ይጣል።

8. ዘይቱን ለመለወጥ

መመሪያ መጽሐፍ ለጠፋበት፣ በዳገትና በአቧራ ለሚሠራ አሮጌ መኪና በየ20,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለወጥ እንመክራለን። ዓመታዊው ጊዜ በግንቦት ወር፣ ዘርና ማዳበሪያ መጓጓዝ ሳይበረታ ቢሆን ይመረጣል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ በቶሎ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ የላይኛው የመሙያ ቡሎን ይፈታ፤ ከዚያ በኋላ የታችኛው የማፍሰሻ ቡሎን ይፈታ። ታችኛው ቀድሞ ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው እምቢ ቢል መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል።

አራተኛ፣ የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው ተጠርጎ ይመለስ። የመሙያው ቀዳዳ ዙሪያ አቧራ ሳይጠረግ አይሞላ።

አምስተኛ፣ አዲሱ ዘይት የመሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር እስኪደርስ ይሞላ። ጣት ሲገባ ዘይቱን መንካት አለበት። ከዚያ በላይ መሙላት አረፋ ያስነሣል፣ ዘይቱንም በማገጃ ጎማዎቹ በኩል ወደ ፍሪሲዮኑ ያስወጣዋል።

ማሳሰቢያ፦ የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ዘይቶች መደባለቅ አይገባም። ቀድሞ ጂ ኤል-5 የተሞላ ካምቢዮ ወደ ጂ ኤል-4 ሲዛወር አሮጌው በደንብ ይፍሰስ።

9. የወጣው ዘይት የሚናገረው

ከካምቢዮው የወጣው ዘይት ሳይታይ አይደፋ። ንጹሕ ጣሳ ላይ ተቀብሎ በፀሐይ ብርሃን ማየት ይገባል።

በማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ ያለ ስስ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ መበላት ነው። እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ቢበዛ የነሐሱ ቀለበት እየተበላ መሆኑን ያሳያል፤ የዘይቱ ዓይነት ወዲያው ይመርመር። በጣት የሚቆነጠር የብረት ስባሪ ቢገኝ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል፤ መኪናው ጭነት ሳይጭን ወደ መካኒክ ይሂድ።

ዘይቱ ወተት መስሎ ቢገኝ ውኃ ገብቶበታል። ይህ በክረምት ወንዝ በሚያቋርጡ መኪናዎች ላይ ይደርሳል። በጉዞ የጋለ ካምቢዮ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በላይኛው መተንፈሻ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ ያለበት ዘይት ኩሽኔታን ያዝጋል፤ ስለዚህ ወራቱን ሳይጠብቅ መለወጥ አለበት። መተንፈሻው በጭቃ መደፈን የለበትም፤ ከተደፈነ ዘይቱ ሲሞቅ በማገጃ ጎማዎቹ በኩል ይወጣል።

10. ስለ ነጂዎችና ስለ መጎተት

ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ከፍሬኑ አደጋ ሌላ፣ ሞተር ጠፍቶ በፎሌ የሚሄድ መኪና ለካምቢዮውም ጎጂ ነው። በብዙ ካምቢዮዎች ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው በሞተሩ ኃይል የሚዞረው የታችኛው ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ያ ዘንግ ይቆማል፤ የላይኛው ግን ከጎማው ጋር መዞሩን ስለሚቀጥል ያለ ዘይት ይሠራል። በዚሁ ምክንያት የተበላሸ መኪና ሩቅ ሲጎተት ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ተፈትቶ መውጣት ይኖርበታል።

11. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ማኅበሩ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ይክፈት። በመዝገቡም የካምቢዮው ዓይነት፣ የታዘዘለት ዘይት፣ የተሞላበት ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ የለወጠውም ሰው ፊርማ ይመዝገብ። በመጋዘን የካምቢዮ ዘይትና የዲፈረንሻል ዘይት በተለያየ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ፤ በመያዣዎቹ ላይ በትልቁ ይጻፍ። መጻፍና ማንበብ የማይችል ረዳት ካለ መያዣዎቹ በቀይና በነጭ ቀለም ይለዩ።

የወጣው አሮጌ ዘይት በምንጭ አጠገብ ወይም በማሳ ላይ አይደፋ። አንዳንድ ሰዎች ለፍየልና ለበግ እከክ ይቀቡታል፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝና ቅመም ቆዳን ስለሚያቃጥልና እንስሳው ሲልሰው ስለሚጎዳው የልማት ሠራተኞች ይህን ልማድ ሊያስተዉ ይገባል። ለእከክ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ገለጽነው ለካምቢዮ የሚሻለው ዘይት እጅግ ወፍራሙ ወይም እጅግ ብርቱው ሳይሆን ካምቢዮው የተሠራለት ነው። የልማት ሠራተኛው ወደ ማኅበሩ ሲሄድ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ካምቢዮው ሲንክሮናይዘር አለው ወይስ የለውም? አምራቹ ያዘዘው የሞተር ዘይት ነው ወይስ የማርሽ? በመጋዘን ያለው ዘይት ቁጥሩና የጂ ኤል ደረጃው ስንት ነው? ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ ዘይቱ አይሞላ። ይህ ምርመራ ግንቦት ሳያልቅ ቢደረግ፣ ዝናቡ ሲገባ መኪናው ዘሩን ይዞ በመንገድ ላይ ይሆናል።